ለድምፅ ማጉያ ማኅደር ስለ መስፋት

የቀድሞ አባቶቻችን ለከበረ ዕቃ ሁሉ ልብስ ያበጁለት ነበር። ዳዊት ያለ ማኅደር፥ ጐራዴም ያለ አፎት አይቀመጥም ነበር። ብራናው በብዙ ድካም ተፍቆ፥ በብዙ ወራት ተጽፎ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ከቆዳ የተሰፋው ማኅደር ከዝናብ፥ ከአቧራና ከመንገድ ግጭት ይጠብቀው ነበር። ይህንም ያደርጉ የነበረው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን፥ የተበላሸውን መልሶ ማግኘት እንደሚያስቸግር ስለሚያውቁ ነው።

ዛሬ ደግሞ ትምህርት ቤት ወይም የመንደር ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ የጊታር ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ዕቃውን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቁ ግን የዘወትር ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ለድምፅ ማጉያ የሚሆን፥ ውስጡ የተደረበ ልብስ በቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሰፋ እንገልጻለን። ትምህርቱም ለእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለሒሳብም ይጠቅማል፤ የስፌቱ መቃናትና መበላሸት የሚታወቀው መርፌ ከመያዙ በፊት፥ በልኬቱ ነውና።

፩. ድምፅ ማጉያ ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚጐዳው

የኤሌክትሪክ ጊታር አውታሮች ከብረት የተሠሩ ናቸው። ከአውታሮቹ ሥር ማግኔትና በርሱ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ አውታሩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ እጅግ ደካማ የሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል ይፈጠራል። ይህ ኀይል በገመድ አልፎ ወደ ማጉያው ይገባል፤ ማጉያውም አበርትቶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። የስፒከሩ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት የተሠራ፥ እንደ ጥልቅ ሳሕን የጐደጐደ ነው፤ እርሱም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ አየሩን ሲገፋ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። በአገራችንም ክራር ደርዳሪዎች ድምፅ የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ በክራሩ ላይ አድርገው፥ በዚሁ ዓይነት ማጉያ ለብዙ ሕዝብ ያሰሙበታል።

ይህን ዕቃ በመሥራት ስማቸው ከታወቀ ሰዎች አንዱ ሊዮ ፌንደር ነው። እርሱም በአሜሪካ፥ በካሊፎርንያ፥ በፉለርተን ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ከዚህ ኩባንያ ዕቃዎች መካከል ዴሉክስ ሪቨርብ የሚባለው ወርዱ 62፥ ከፍታው 44 ከግማሽ፥ ጥልቀቱ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ክብደቱ 19 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን የምንናገረው መጠኑን በዓይነ ሕሊና ለማየት እንዲመች ነው እንጂ፥ ልብሱ ለማናቸውም ዓይነት ማጉያ ይሰፋል።

የድምፅ ማጉያ ጠላቶች አራት ናቸው። በመዠመሪያ አቧራ ነው፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉት መዘውሮች ውስጥ በገባ ጊዜ፥ መዘውሩ በተነካ ቍጥር የመንኳኳትና የመፋተግ ድምፅ ያመጣል። ሁለተኛው እርጥበት ነው፤ ብረቱን ያዝጋል፥ የስፒከሩንም ወረቀት ያላላዋል። ሦስተኛው ግጭት ነው፤ ማእዘኑን ይሰብራል፥ የስፒከሩንም ፊት ይቀዳል። አራተኛው አይጥ ነው፤ ወረቀቱንና ገመዱን ይቈረጥማል። ከነዚህ በቀር አምስተኛ ጠላት አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ይህ አምስተኛው ግን ልብሱ ራሱ የሚያመጣው ስለ ሆነ፥ በመጨረሻ ለብቻው እንናገርበታለን።

፪. ስለ ልኬት

እኔ የዚህን ጽሑፍ ትምህርት ያገኘሁት ከስሕተቴ ነው። አስተምርበት በነበረው የገጠር ትምህርት ቤት ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ አንድ ማጉያ ተገዝቶ ነበር። ዕቃ ቤቱ አቧራ የበዛበት ስለ ሆነ ልብስ ልሰፋለት አሰብሁ። ሣጥኑን በጥንቃቄ ለክቼ፥ ጨርቁን በዚያው ልክ ቈርጬ፥ ሦስት ሌሊት ስሰፋ አመሸሁ። ባለቀ ጊዜ ግን ከሣጥኑ ጫፍ አልፎ አልወርድ አለ። ጨርቁንም ይዤ ወደ መንደሩ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ሄድሁ።

እርሳቸውም ልብሱን ገልብጠው ካዩ በኋላ፥ «የኔታ፥ የለኩት ዕቃውን ነው ወይስ ልብሱን?» አሉኝ።

«ዕቃውን ነው እንጂ አባቴ፤ ልብሱማ ገና አልተሰፋም ነበር» አልኋቸው።

«እንግዲያውስ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ዕቃው እንደ ሰውነት ነው፤ ሰውነት ደግሞ በልኩ ልብስ አይገባም። የድርቡን ውፍረት፥ የስፌቱን ትርፍ፥ መርፌውም ሲወሰውስ የሚሰበስበውን ይጨምሩለት፤ ከዚያ በኋላ መቀስ ያንሡ» አሉኝ።

እነሆ የልኬቱ ትምህርት በሙሉ በዚህ ቃል ውስጥ አለ። በምሳሌ እናስረዳ። ወርዱ 60፥ ከፍታው 45፥ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማጉያ አለን እንበል። ድርቡ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ልብሱ ሥሩ ክፍት ሆኖ አምስት ገጽ ይኖረዋል፤ ይኸውም ፊት፥ ጀርባ፥ ሁለት ጐንና ራስ ነው።

መዠመሪያ የድርቡን ውፍረት እንጨምራለን። ወርዱ በቀኝም በግራም ድርብ ስላለበት 2 ይጨመርለታል። በቀላሉ እንዲለበስና እንዲወልቅ ደግሞ 1 እንጨምራለን። ስለዚህ ወርዱ 63 ይሆናል። ጥልቀቱም በዚሁ ሥርዓት 28 ይሆናል። ከፍታው ግን ድርብ የሚኖርበት በራሱ በኩል ብቻ ስለ ሆነ 1 ይጨመርለታል፤ የልብሱ ጫፍ መሬት እየነካ እርጥበት እንዳይጠጣ ደግሞ 1 ይቀነስለታል፤ ስለዚህ 45 እንደ ሆነ ይቀራል።

ቀጥሎ የስፌቱ ትርፍ ነው። ገጽ ከገጽ በሚጋጠምበት ሁሉ 2 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ወርድና ጥልቀት በሁለት በኩል ስለሚሰፉ 4 ይጨመርላቸዋል፤ ከፍታ ግን በላይ በኩል ብቻ ስለሚሰፋ 2 ይበቃዋል። የታችኛው ጫፍ በሌላ ጥብጣብ ስለሚታሰር ትርፍ አያሻውም። በዚህም መሠረት የመጨረሻው ልክ ይህ ነው፤

ፊትና ጀርባ፥ እያንዳንዳቸው 67 በ47፤
ሁለቱ ጐኖች፥ እያንዳንዳቸው 32 በ47፤
ራስ፥ 67 በ32።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ጨርቅና ድርብ አንድ ላይ ሲወሰወሱ ጨርቁ ይሰበሰባል፥ ልኩም ያጥራል። ስለዚህ በመጨረሻው ልክ አስቀድሞ መቍረጥ አይገባም። እያንዳንዱን ገጽ በአራቱም ማእዘን 2 ሳንቲ ሜትር አስፍተን እንቈርጣለን፤ ይኸውም 71 በ51፥ 36 በ51፥ 71 በ36 ማለት ነው። ከተወሰወሰ በኋላ እንደ ገና ለክተን ወደ መጨረሻው ልክ እናስተካክላለን። የጠበበ ጨርቅ አይሰፋም፤ የሰፋ ግን ይጠባል።

የአንዳንድ ማጉያ ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የጐኑን ቅርጽ በትልቅ ወረቀት ላይ ነድፎ፥ ወረቀቱን ከጨርቁ ላይ አድርጎ መቍረጥ ይሻላል።

፫. ስለ ጨርቁ፥ ስለ ድርቡና ስለ መሣሪያው

ለላይኛው ገጽ ጠንካራ ሸራ ይመረጣል። ለገበሩ አቡጀዲ ይበቃል፤ ለስላሳ ስለ ሆነ ሣጥኑን አይፍቅም። ላስቲክ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ለገበር ማድረግ ግን አይገባም፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይታፈናልና።

ለድርቡ ሦስት ዓይነት ነገር ይገኛል። አሮጌ ብርድ ልብስ ከሁሉ ይቀርባል፤ ታጥቦ፥ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ታጥፎ ይደረባል። ባዘቶም መልካም ነው፤ ነገር ግን በደንብ ካልተወሰወሰ ወደ ታች እየወረደ ይከማቻል፥ እርጥበትም ይጠጣል። ስፖንጅ ቀላልና ግጭትን የሚመልስ ነው፤ ዳሩ ግን ፀሐይ ሲመታው ከጊዜ በኋላ ይፈረፈራል።

ሸራው ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ 1 ሜትር ከ30 ይበቃል፤ ለገበሩም ይኸው ይሆናል። የጥጥ ጨርቅ በውሃ ስለሚያጥር፥ ሁለቱም ከመቈረጣቸው በፊት ለብ ባለ ውሃ ተነክረው፥ በጥላ ደርቀው፥ መተኰስ ይገባቸዋል። ከታጠበ በኋላ ወርዱ ከ143 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ እንደ ሆነ አቈራረጡ እንዲህ ነው። በመዠመሪያው ረድፍ ፊትና ጀርባ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ 71 ሲደመር 71 ቢሆን 142 ነው። በሁለተኛው ረድፍ ሁለቱ ጐኖችና ራሱ ይቀመጣሉ፤ 36፥ 36ና 71 ቢደመሩ 143 ነው። ሁለቱ ረድፎች 102 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይወስዳሉ። ከሸራው የቀረው ቁመት ለጥብጣቡ ይሆናል። ከራሱ ገጽ አጠገብ የሚተርፈው 71 በ15 የሆነ ቍራጭ ደግሞ አይጣልም፤ ለእጀታው ክዳን ያገለግላል።

መሣሪያው መለኪያ፥ ጠመኔ፥ መቀስ፥ ወፍራም መርፌ፥ ጠንካራ ክርና ጥቂት ሰም ነው። ክሩ በሰም ታሽቶ በድርቡ የተሰፋ እንደ ሆነ አይቋጠርም፥ ቶሎም አይበጠስም። የስፌት መኪና ያለው ሰው ቍጥሩ 100 የሆነ መርፌ ይግጠም፤ ስፌቱንም ረዘም ያድርገው፤ ጥቃቅን ስፌት ወፍራም ጨርቅን ይቀደዋልና።

፬. ስለ አሰፋፉ

በመዠመሪያ መወስወስ ነው። ገበሩን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፥ ድርቡን በላዩ፥ ሸራውን ከሁሉ በላይ እናደርጋለን። በሸራው ላይ በጠመኔ እየተላለፉ የሚያቋርጡ፥ በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚራራቁ መስመሮች እናሰምራለን። ስፌቱ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር መሄድ አለበት። ከዳር ወደ መካከል የሰፋ ሰው ጨርቁ ይሸበሸብበታል፤ ያንንም ለማቃናት መፍታት እንጂ ሌላ መላ የለውም። አምስቱም ገጾች ከተወሰወሱ በኋላ ወደ መጨረሻው ልክ ይቈረጣሉ።

ሁለተኛ የእጀታው ቀዳዳ ነው። ይህ የሚሠራው ራሱ ገና ለብቻው ሳለ ነው፤ ከሌሎቹ ጋራ ከተጋጠመ በኋላ እጅ አይመችም። የማጉያውን እጀታ ለክተን፥ እጀታው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 22 በ4 የሆነ ቀዳዳ በራሱ መካከል እንከፍታለን። የተቈረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በቀጭን ጨርቅ ከላይና ከታች ታቅፎ ይዘመዘማል። አቧራ በቀዳዳው እንዳይገባ ከተረፈው ሸራና ከገበሩ 34 በ15 የሆነ ቍራጭ ቈርጠን፥ በሦስት በኩል ሰፍተን፥ ገልብጠን፥ ክፍት የቀረውን ጐን ከቀዳዳው በስተ ኋላ እንተክለዋለን። ይህም እንደ ክዳን ቀዳዳውን ይሸፍናል፤ ዕቃው ሲነሣ ብቻ ወደ ኋላ ይገለጣል።

ሦስተኛ ጐኖቹን ማጋጠም ነው። ሸራው ከሸራው ጋራ ፊት ለፊት ሆኖ፥ ገበሩ ወደ ውጭ እየታየ፥ ፊቱ ከቀኝ ጐን፥ ቀኝ ጐን ከጀርባ፥ ጀርባው ከግራ ጐን፥ ግራ ጐንም ከፊቱ ጋራ ይሰፋል። ስፌቱ ከላይኛው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው መቆም አለበት። እስከ ጫፉ የተሰፋ እንደ ሆነ ራሱ ሲጋጠም ማእዘኑ አይታጠፍም፤ የዠማሪ ሰፊ ልብስ ማእዘኑ ላይ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ የሚሰፋ ሰው መርፌውን በእያንዳንዱ ስፌት ወደ ኋላ እየመለሰ ይስፋ፤ ይህ ስፌት ቢዘገይም እንደ መኪና ስፌት የጠነከረ ነው።

አራተኛ ራሱን መግጠም ነው። የራሱ ዙሪያ 63፥ 28፥ 63፥ 28 ተደምሮ 182 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአራቱ ጐን ዙሪያም 182 መሆን አለበት። ሁለቱ ቍጥሮች ያልተስማሙ እንደ ሆነ በመጐተት ለማስማማት አይሞከርም፤ የተሳሳተው ስፌት ተፈልጎ ይፈታል። አስቀድሞ አራቱ ማእዘኖች በስፒል ተይዘው፥ ከዚያ በኋላ ከማእዘን እስከ ማእዘን ይሰፋል።

አምስተኛ በስፌቱ ትርፍ ውስጥ ያለውን ድርብ ብቻ ከስፌቱ አጠገብ መቍረጥና ሸራውን ከገበሩ ጋራ መዘምዘም ነው። ይህ ካልተደረገ ማእዘኑ ይወፍራል፥ ልብሱም ይጠብባል።

ስድስተኛ የታችኛው ጫፍ ነው። ወርዳቸው 8፥ ቁመታቸው 95 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የሸራ ጥብጣቦች ይቈረጣሉ። በሁለቱም ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ሲጋጠሙ ዙሪያው 182 የሆነ ቀለበት ይሆናሉ። ይህን ቀለበት ከጫፉ ጋራ ሰፍቶ፥ ወደ ውስጥ አጥፎ፥ በገበሩ ላይ መዘምዘም ነው። በመጨረሻ ልብሱ ይገለበጣል፥ ሥራውም ይፈጸማል።

፭. ስለ አለባበሱና ስለ ሙቀት

አሁን ወደ አምስተኛው ጠላት እንመለስ። ድምፅ ማጉያ ሲሠራ ይሞቃል። በተለይም በውስጣቸው አምፑል የሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች ያሉባቸው ማጉያዎች እጅ እስኪያቃጥሉ ድረስ ይግላሉ። ሣጥኑ በጀርባው ወይም በላዩ ክፍት የሚሆነው ሙቀቱ እንዲወጣ ነው። ልብስ ደግሞ ሥራው መሸፈን ነው፤ የጋለ ማጉያ ሲሸፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፥ ዕቃውም ይበላሻል፤ ከባሰም እሳት ሊነሣ ይችላል።

ከላይ በተናገርሁት ትምህርት ቤት ሁለተኛው ልብስ በተሰፋ ጊዜ፥ «ይህን ዕቃ ያለ ልብስ አትተዉት» ብዬ ተማሪዎቹን አዘዝሁ። የወላጆች በዓል በተፈጸመ ጊዜ አንድ ታዛዥ ልጅ ማጉያው ሳይጠፋ ልብሱን አልብሶ፥ በሩን ዘግቶ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሸቶኝ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥሁ፤ ልብሱን ባነሣሁት ጊዜ ገበሩ በጀርባው በኩል ጠቍሮ ነበር። ልጁ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። መቼ እንዲያለብስ ነግሬው ነበር እንጂ፥ መቼ እንዳያለብስ አልነገርሁትም ነበር።

ስለዚህ አስተማሪ ሆይ፥ ልብሱን ከማስፋትህ ጋራ ይህን ሥርዓት አስተምር። ማጉያው በመዠመሪያ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል ይቈያል። በመጨረሻ የእጅ መዳፍ በጀርባውና በላዩ ተደርጎ ሙቀት የማይሰማ እንደ ሆነ ይለብሳል። ልብሱን ለብሶ ሳለ ከቶ አይከፈትም። አቧራውንም ለመጥረግ ደረቅ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ከውጭ ይበቃሉ፤ ማጉያው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰውን የሚጐዳ ኀይል በውስጡ ሊቀር ስለሚችል፥ ሙያ የሌለው ሰው ሣጥኑን መፍታት አይገባውም።

በክረምት እርጥበት ከመሬት ስለሚመጣ ማጉያው በሳንቃ ወይም በዝቅተኛ መደብ ላይ ይቀመጥ። ልብሱም በየወሩ ወልቆ፥ ተራግፎ፥ ነፋስ ይምታው፤ የረጠበ ልብስ ደርቆ ካልሆነ በቀር አይመለስም። አይጥ ጐጆ እንዳይሠራበትም ውስጡ ይታይ።

እኛም ከዚያ ቀን በኋላ የጠቈረውን ገበር ለውጠን፥ በልብሱ ፊት ላይ በቀይ ክር «ሳይበርደኝ አታልብሱኝ» የሚል ጽሑፍ ጠለፍንበት። ከተማሪዎቹም ማንበብ ያልቻሉት እንኳ የቃሉን ትርጕም ከባልንጀሮቻቸው ሰምተው ያዙት።

፮. ጥያቄ

1ኛ. የድምፅ ማጉያ አራቱ ጠላቶች ምን ምን ናቸው? አምስተኛውስ ለብቻው የተነገረው ስለ ምንድር ነው?
2ኛ. ልብስ በዕቃው ልክ የተቈረጠ እንደ ሆነ የማይገባው ስለ ምንድር ነው?
3ኛ. ገጾቹ ከመወስወሳቸው በፊት በመጨረሻው ልክ የማይቈረጡት ስለ ምንድር ነው?
4ኛ. የጐኖቹ ስፌት ከላይኛው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው የሚቆመው ስለ ምንድር ነው?
5ኛ. ላስቲክ ለገበር የማይሆነው ስለ ምንድር ነው?
6ኛ. ወርዱ 50፥ ከፍታው 40፥ ጥልቀቱ 22 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ማጉያ፥ ድርቡ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የአምስቱን ገጾች የመጨረሻ ልክ አውጡ።

ለአስተማሪው፤ የስድስተኛው ጥያቄ መልስ ፊትና ጀርባ 57 በ42፥ ሁለቱ ጐኖች 29 በ42፥ ራሱ 57 በ29 ነው። ተማሪዎቹ ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት ይህን ልክ በአሮጌ ጋዜጣ ወይም በወረቀት ቈርጠው፥ አጋጥመው ይዩት። በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት ዋጋ የለውም፤ በሸራ ላይ የተገኘ ግን የማኅበሩን ገንዘብ ያስከፍላል።